ቦክሰር 150፣ ከኋላ የ13 ዓመት ልጅ፣ እስከ አርባ ምንጭ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሞተሩ ቦክሰር 150 ነው፤ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያዋህደው) ያለው፣ ፊትም ኋላም የሸራ ፍሬን። ከኋላ የምትቀመጠው የ13 ዓመት ልጄ ናት። መንገዱ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ፤ ወደ 450 ኪሎ ሜትር፣ በሁለት ቀን። በሞጆና በሻሸመኔ ያለው መንገድ የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ተትቷል። እናቷና ታናሽ ወንድሟ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ጊዜው የትምህርት ቤት የመንፈቀ ዓመት እረፍት፣ ጥር መጨረሻ፤ መንገዱ ደረቅ ነው።

ኅዳር 8፣ ቆጣሪ 21,340 ኪሎ ሜትር። ሚዛን

ከመፍቻ በፊት ሚዛን። ወፍጮ ቤት ያለው የእህል ሚዛን ላይ የፊት ጎማው ለብቻ፣ ከዚያ የኋላው ለብቻ ወጣ። ሌላው ጎማ ሥር በሚዛኑ ቁመት ልክ ጣውላ ካልገባ ሞተሩ ያዘነብልና ቁጥሩ ይሳሳታል።

ባዶውን ከነነዳጁ፦ ፊት 54 ኪሎ፣ ኋላ 70።
እኔ 74፣ እሷ 42 ሆነን ስንቀመጥበት፦ ፊት 83፣ ኋላ 157።
18 ኪሎ ዕቃ ከኋላ ሲታሰርበት፦ ፊት 78፣ ኋላ 180።

ዕቃ ተጨምሮ የፊቱ ክብደት ቀነሰ። ዕቃው ከኋላ ጎማ ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 128 ሳንቲ ሜትር ነው። 18 በ35 ተባዝቶ ለ128 ሲካፈል 5 ኪሎ ይሆናል፤ ያን ያህሉን ከፊት ጎማ ላይ ያነሳል ማለት ነው። ፊቱ የቀለለ ሞተር ጠጠር ላይ መሪው አይጨበጥም፣ የፊት ፍሬኑም ጎማውን ቶሎ ያንሸራትተዋል። ከኋላ ልጅ ተቀምጣ ደግሞ የሚያስፈልገው ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው።

ስለዚህ ተወሰነ፦ ልብስና ስጦታ በአውቶቡስ ይሄዳል። ሞተሩ ላይ ከ13 ኪሎ አይበልጥም። ከዚያ ውስጥ 7ቱ (መሣሪያ፣ ውኃ፣ የውስጥ ጎማ) ታንኩ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከኋላ የሚቀረው 6 ኪሎ ቀላል ዕቃ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ መቀመጫው ተጠግቶ። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ ፊት 86፣ ኋላ 167 አለ።

ኅዳር 15። ሰንሰለት፣ ጥርስ፣ ጎማ

የሰንሰለቱ ቁጥር 428 ነው። 20 መጋጠሚያ ወጥሮ መለካት ነው፤ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ 259 ከደረሰ አልቋል። የእኛው 260። ሰንሰለቱ ብቻ ተቀይሮ አሮጌ ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ላይ ከታሰረ በአጭር ጊዜ ይበላል፤ የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ ተቀየረ። 3,200 ብር። የማያያዣዋ ክሊፕ የተዘጋው ጫፏ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጣ ከገባች አንድ ጠጠር መትቶ ሊያወልቃት ይችላል።

የኋላ ጎማ 3.00-17 ባለ 6 ፕላይ (ድርብ) ተገዛ፣ 4,800 ብር። ባለ 4 ፕላዩ ይረክሳል፤ ነገር ግን 167 ኪሎ ተጭኖበት ጉድጓድ ሲገባ ጎኑ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ የውስጡን ጎማ ይቆርጠዋል። የፊቱ 2.75-17 ገና ጥሩ ነው። ሁለቱም 17 ስለሆኑ ለሁለቱም ልክ የሚሆን የውስጥ ጎማ አለ፤ ከሱ ሁለት ተያዘ፣ 1,300 ብር።

ንፋስ፦ ፊት 25 ፒኤስአይ፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ለሁለት 32። ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ ዝም ካሉት 40 ይሞላል፤ «ጭነት አለው» ብሎ ነው የሚያስበው። የራስ መለኪያ መያዝ ግድ ነው፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው።

ኅዳር 22፣ ቆጣሪ 21,455። ሰበታ ደርሶ መልስ

50 ኪሎ ሜትር፣ ሁለታችንም፣ ያለ ዕቃ። ሁለት ስህተት ተገኘ።

አንደኛው የሰንሰለቱ ልቀት፣ መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት መጠን። ጋራዥ ሞተሩን በማቆሚያው ላይ አቁመው 20 ሚሊ ሜትር አድርገውት ነበር። ሁለት ሰው ሲቀመጥ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ጉድጓድ ሲገባ ክር ይሆንና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይስባል፤ የሚሰማው የማፏጨት ድምፅም ይኸው ነው። አሁን የምንለካው ሁለታችን ተቀምጠን፣ ሦስተኛ ሰው ጎማውን እያዞረ በጣም የጠበቀችውን ቦታ ፈልጎ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ 20 ይቀራል። ባዶውን ሲታይ 32 ያህል ነው፣ የለቀቀ ይመስላል፤ መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው መብራት። ኋላው ሲጫን የፊቱ መብራት ወደ ሰማይ ያያል። ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ፣ ሁለታችን ተቀምጠን፣ የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከመብራቱ መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተስተካከለ። በማታ የመጓዝ ሐሳብ የለንም፤ ግን ሆሳዕና ሳንደርስ ቢመሽ መዘጋጀቱ አይከፋም።

አሞርዛተሮቹ 5 ደረጃ አላቸው። በለስላሳው ላይ ሁለታችን ስንቀመጥ ኋላው 62 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ በጠንካራው 48። በጠንካራው ቀረ። ሁለቱ እኩል ደረጃ ላይ መሆናቸውን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው፤ አንዱ ደረጃ 5 ሌላው 4 ከሆነ ኩርባ ላይ ሞተሩ ይጠማዘዛል።

ኅዳር 28። የዕቃ መጫኛ፣ የመጀመሪያው

በያጅ ጋ በ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ተሠራ፣ 1,800 ብር። ሲያዩት ግንብ የሚሸከም ይመስላል። ሞተሩ ላይ ምንም ከመበየዱ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይነቀላል፤ የብየዳው ኮረንቲ በሽቦዎቹ ዞሮ የባትሪ መሙያውን መቆጣጠሪያና የካንዴላውን ሳጥን ያቃጥላል። ሻንሲው ላይ ራሱ ግን ምንም አይበየድም። ብየዳ የሻንሲውን ብረት በሙቀት ያዳክመዋል፣ ስንጥቁም ከዚያው ይጀምራል። መጫኛው በነበሩት ብሎኖች ነው የታሰረው።

ታኅሣሥ 6፣ ቆጣሪ 21,590። ጢያ ደርሶ መልስ

180 ኪሎ ሜትር ከሙሉ ዕቃ ጋር። ከመልካ ቁንጥሬ በኋላ ያለው መንገድ ለሙከራ የሚሆን ነው፦ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ጥገና ላይ ያለ ጠጠር፣ ከብት፣ ጋሪ፣ ሁሉም አለው። የጢያ ትክል ድንጋዮች ጋ ቆመን ሞተሩን ስናይ የመጫኛው ግራ እግር ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ስንመለስ መልካ ቁንጥሬ ላይ ተበጠሰ። ዕቃው በገመድ መቀመጫው ላይ ታስሮ ተመለሰ።

የተበጠሰበት ምክንያት ስለሚጠቅም በዝርዝር፦

ፌሮ ድፍን ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ይተጣጠፋል። 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ይመዝናል። 20 በ20 ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ 0.87 ኪሎ ነው። ክብደቱ እኩል ነው፤ መታጠፍን በመቋቋም ግን ቱቦላሬው ስድስት እጥፍ ይበልጣል፣ ብረቱ ከመሀሉ ርቆ ዳር ዳር ስለተቀመጠ። ፌሮው በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እየታጠፈ ደከመ፤ የደከመውም ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው 3 ሚሊ ሜትር ርቆ፣ ሙቀቱ ባለፈበት መስመር ላይ ነው። ደግሞም መጫኛው ከላይ ብቻ ታስሮ ከታች ምንም ድጋፍ አልነበረውም።

ታኅሣሥ 13። የዕቃ መጫኛ፣ ሁለተኛው

ሌላ በያጅ፣ 2,600 ብር። ቱቦላሬ 20 በ20፣ ወደ 2.4 ሜትር፣ ክብደቱ 2.1 ኪሎ። ከመጫኛው ጫፍ ወደ ተሳፋሪዋ የእግር መርገጫ ብሎን የሚወርድ ሰያፍ ድጋፍ በግራም በቀኝም ተደረገ። መጋጠሚያዎቹ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ተበየደ። ብሎኖቹ 8 ሚሊ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ሥር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ፤ ንዝረቱን ይበላል። ዳዶዎቹ የሚቆልፉ ዓይነት፤ ከጠበቁ በኋላ በነጭ ቀለም መስመር ተሰምሮባቸዋል፣ አንዱ ከላላ መስመሩ ተላልፎ ይታያል። በየእረፍቱ ያንን መስመር ማየት የልጅቷ ሥራ ሆነ።

የቱቦላሬው አፍ ክፍት እንዳይቀር መደፈን አለበት፤ ውኃ ከገባ ከውስጥ ይዝጋል። በያጁ ራሱ ነው ያስታወሰን፦ «ጋሼ፣ አፉን ካልዘጋነው ክረምት ላይ ተመልሰህ ትመጣለህ» ብሎ።

ታኅሣሥ 15። ፍሬን

በጢያው ጉዞ የፊት ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ሲደክም ተሰምቷል። ከፍተን ስናይ የፍሬን ሸራው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ አንደኛው ላይ ደግሞ ግራሶ አለ። ስህተቱ የእኔ ነበር፦ ሸራውን የሚገፋውን ዘንግ ስቀባ ግራሶ አብዝቼበታለሁ፤ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ፈሰሰ። ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል፤ ይጣላል። ፊትና ኋላ አዲስ ገባ፣ 1,400 ብር።

ሲገጠም የተደረገው፦ የከበሮው ውስጥ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተሻሸ። የሸራው ጫፍና ጫፍ በሞረድ ትንሽ ተሳለ፣ ሲነካ እንዳይጮህ። ዘንጉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ግራሶ ብቻ። የጎማው ፔርኖ ከመጥበቁ በፊት የፍሬን ማንሻው ተጨብጦ ተያዘ፤ ይህን ጊዜ ሸራዎቹ ከበሮውን እኩል ይነካሉ፣ ያኔ ነው ፔርኖው የሚጠብቀው። ይችን እርምጃ ብዙ ጋራዥ ይዘላታል። በመጨረሻ፣ ፍሬኑ ሲያዝ ገመዱና ገመዱ የሚስበው ክንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ክንዱ ካለፈ ጉልበት ይጠፋል።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይዝም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል በለስላሳው እየያዙ ማላመድ ነው። ከዚያ በባዶ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ተፈተነ፤ እስኪቆም የሄደው፦ ለብቻ 19 ሜትር፣ ከልጄ ጋር 24 ሜትር። ከፊታችን ካለው መኪና የምንርቀውን የምቆጥረው በ24ቱ ነው፤ ከኋላ ማን እንዳለ ሁልጊዜ ስለማይታሰብ ለብቻ ስሄድም በዚያው።

ታኅሣሥ 18። ወጪ እስካሁን

ሰንሰለትና ጥርስ 3,200፤ የኋላ ጎማ 4,800፤ የውስጥ ጎማ ሁለት 1,300፤ ሸራ 1,400፤ ዘይት 20W-50 ሁለት ሊትር 1,900፤ መጫኛ ሁለት ጊዜ 4,400፤ የልጅቷ ሄልሜት 6,500፤ መቀመጫ 1,700፤ ጃኬት፣ ጓንትና ቡት ከሳልባጅ 2,400። ድምር 27,600 ብር። ከዚህ ውስጥ 1,800ው፣ የመጀመሪያው መጫኛ፣ የፈሰሰ ነው።

ሄልሜቱ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልፈለግንም። ገበያው ላይ ብዙው ውስጡ ስስ ስፖንጅ የሆነ ባርኔጣ ነው። መለያው፦ ከጨርቁ ሥር ወፍራም ነጭ ፎም መኖሩ፣ አገጭን የሚሸፍን መሆኑና የኢሲኢ 22.05 ወይም 22.06 ምልክት ማሰሪያው ላይ መሰፋቱ ነው፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም። ልኩን ለማየት፦ ጉንጭ ይጫናል ግን አያምም፤ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት የፊት ቆዳ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ አይወልቅም። «ታድግበታለች» ተብሎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አይገዛም። የተጎነጎነ ፀጉር ልኩን ስለሚቀይር በጉዞው ቀን የሚኖረው ሹሩባ ተሠርቶ ነው የተለካው።

ታኅሣሥ 20። ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ

ይህ ክፍል ከመፍቻ ሥራው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዷል።

እግር መርገጫው። ተረከዟ ሙሉ ለሙሉ ካላረፈ ጉድጓድ ሲመጣ መነሳት አትችልም፤ ግጭቱን ወገቧ ይቀበላል። የእሷ ይደርሳል። ካልደረሰ ልጁ ለረጅም መንገድ አልደረሰም ማለት ነው፤ መርገጫውን ከፍ አድርጎ መበየድ መፍትሔ አይመስለኝም።

መቀመጫው። ፋብሪካው የሰጠው ስፖንጅ ከ40 ደቂቃ በኋላ ጣውላ ይሆናል። ሶፋ ሰፊ ጋ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ከሥር፣ ለስላሳ 2 ሳንቲ ሜትር ከላይ፤ የእኔንና የእሷን ቦታ የሚለይ ትንሽ ደረጃ ተሠራለት፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ እኔ እንዳትንሸራተት።

መያዣው። ወገቤን ብቻ ይዛ 200 ኪሎ ሜትር አትችልም። ወገቤ ላይ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ፣ በሁለቱ ጎን እጀታ የተሰፋበት፤ አንድ እጇ እሱን፣ ሌላው የመጫኛውን ብረት።

ልጅን በነጠላ ወይም በገመድ ከአሽከርካሪው ጋር ማሰር፦ በፍጹም። እንቅልፍ እንዳይጥላት ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሞተሩ ቢወድቅ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ከሥሩ ይቀራሉ። እንቅልፍ የሚታከመው በመቆም ነው።

ምልክት። በንፋስ መነጋገር አይቻልም። ትከሻ ላይ አንድ መታ፦ ቀስ በል። ሁለት፦ ቁም። ሦስት፦ አሁኑኑ ቁም። እኔ ደግሞ ግራ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ጉልበቷን ስነካ አውራ ጣቷን መዳፌ ላይ ታሳርፋለች። ካላሳረፈች እቆማለሁ።

ከሁሉም የከበደው ድካሟን ማወቅ ነበር። «ደክሞሻል?» ለሚለው መልሷ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ አባዬ» ነው፤ ጉዞው እንዳይቋረጥባት። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። የቆጣሪውን ቁጥር፣ የመጨረሻዋን ከተማ ስም፣ የተሞላውን ነዳጅ በደብተር የምትይዘው እሷ ሆነች። በየእረፍቱ «ያለፍናት ከተማ ማን ነበረች?» ስላት ፈጥና ከመለሰች ይቀጥላል። ካሰበች፣ ወይም ደብተሩን ካላወጣች፣ እረፍቱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። በሙከራው ላይ ይህ የታየው ከ70 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በየ50 ደቂቃው መቆም ተወሰነ፣ ደከማትም አልደከማት።

ታኅሣሥ 23 እና 24። ጎማ መፍታት፣ ግቢ ውስጥ

የስምጥ ሸለቆ መንገድ የግራር እሾህ አለው፤ ጎሚስታም በየቦታው የለም። ሦስት ጊዜ ተለማመድን፣ እሷም በተራዋ።

መጀመሪያ፦ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ አዲሱንም የውስጥ ጎማ በብረት ቆንጥጠን ቀደድነው። ምክንያቱ ሳይነፋ ስለገባ ነው። ጥቂት ንፋስ፣ ቅርጹን እስኪይዝ ያህል፣ ተነፍቶ ሲገባ አይጣጠፍም፣ ብረቱም አይደርስበትም።

ሁለተኛ፦ 55 ደቂቃ። የጎማው ከንፈር የመጨረሻዋ ክፍል አልገባም ብሎ አስቸገረ። የተቃራኒው ወገን ቸርኬው መሀል ወዳለው ጎድጓዳ ውስጥ በጉልበት ከተጫነ በዚህ በኩል ይላላል፤ ጉልበት አያስፈልገውም። የሳሙና ውኃም ይረዳል። የመጨረሻው ማስገቢያ ቫልቮላው ጋ ይሁን፣ ቫልቮላውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ።

ሦስተኛ፦ 38 ደቂቃ። አዲሱን ከማስገባት በፊት የጎማው ውስጥ በጥጥ ይዳሰሳል፤ እሾህ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በጣት አይዳሰስም። እሾሁ ሳይገኝ የገባ ጎማ ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍሳል።

ታኅሣሥ 27። ካርቡራተር፣ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ። አየሩ ከፍታ ላይ ስለሚሳሳ ሞተሩ እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ብዙ የአዲስ አበባ መካኒኮች ቤንዚን ለመቆጠብ ካርቡራተሩን ያጠባሉ፤ እዚህ ችግር የለውም። ወደ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ሙቀት ተጨምሮ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

የሚነግረን ካንዴላው ነው። በሙሉ ጋዝ ጥቂት ተሄዶ፣ ፍሪሲዮን ተይዞ ሞተሩ ይጠፋና ካንዴላው ይፈታል። ማኪያቶ ቀለም ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። የእኛው ነጣ ያለ ነበር። ቀደም ሲል ጠባብ ሆና የገባችው፣ ቤንዚን የሚያልፍባት የካርቡራተሩ የነሐስ ቀዳዳ ወጥታ ፋብሪካው የሰጣት ተመለሰች። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጠቆረ፣ ነዳጅም ይበላል፤ ሶዶ ላይ እንደገና ይታያል።

ጥር 18። መሣሪያ

ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መፍቻ ዳዶ ያላሽቃል፤ አልተያዘም። የተያዘው፦ መፍቻ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና የኋላ ፔርኖ የሚፈታው ትልቁ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ ማውጫ ብረት ሦስት፣ የእጅ ፓምፕ፣ የንፋስ መለኪያ፣ ኮላና መለጠፊያ፣ ካንዴላ፣ ሁለት የሰንሰለት ማያያዣ፣ ፊውዝ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሽቦ። አዲስ የፍሪሲዮን ገመድ ከአሮጌው ጎን ለጎን ተዘርግቶ ታስሯል፤ አሮጌው ቢበጠስ ሁለቱን ጫፍ ማስገባት ብቻ ይቀራል፣ ታንክ ማንሳት የለም።

ወረቀት፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የልጅቷ የተማሪ መታወቂያ።

ጥር 24፣ ቆጣሪ 22,168። አዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና

ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሻ። ከ60 አላለፍንም። ከብት መንገድ ሲሻገር ሕጋችን አንድ ነው፦ ጥጃ ካለፈ እናቱ ትከተላለች፤ የመጨረሻዋ እስክታልፍ ይቆማል።

ቡታጅራ ላይ ነዳጅ። ክፍያው በቴሌብር ነበር፤ ኔትወርክ ተቋርጦ 40 ደቂቃ ጠበቅን። ታንኩ 11 ሊትር ይይዛል። ለብቻ በሊትር 45 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 37 ነው፤ በወረቀት 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ግን ግማሽ ሲደርስ እንሞላለን፣ ቀጣዩ ማደያ ነዳጅ ላይኖረው ይችላልና። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከተገዛም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱ ለ10 ደቂቃ ቆሞ ከሥሩ ውኃ መለየቱ ታይቶ ነው።

ወራቤ ከመድረሳችን በፊት ጉልበቷን ስነካ አውራ ጣቷ ዘገየ። ቆምን፣ ከዛፍ ጥላ ሥር 35 ደቂቃ። ውኃ አልጠጣችም ነበር፤ ሄልሜት ማውለቅ ስለሰለቻት። ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ ቢያንስ ግማሽ ኩባያ ሳትጠጣ አንነሳም።

ሆሳዕና ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገባን። ማታ የተሠራ፦ ሰንሰለት ሳይበርድ ተቀባ፣ ነጭ መስመሮቹ ታዩ፣ ከኋላ ጎማ ሁለት ራጂ (የቸርኬው ሽቦ) ላልተው ጠበቁ። ራጂ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ ተደርጎ በድምፅ ይታወቃል፤ የላላው ድፍን ድምፅ ያወጣል።

ጥር 25፣ አርባ ምንጭ

ሶዶ ላይ ካንዴላው ተፈታ፦ ማኪያቶ። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ብቻ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር ወረደ።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬን በአጭሩ ይያዝና ይለቀቃል፤ ሳይለቀቅ ከተያዘ ከበሮው ይሞቃል፣ ሸራውም ይደክማል። ታች ስንደርስ የፊት ከበሮው እጅ ቢያሞቅም አያቃጥልም ነበር። የሙቀቱ ለውጥ በልጅቷ ላይ ቀድሞ ታየ፤ ጃኬቷ ውስጥ ያለው ሹራብ ወጣ፣ ጃኬቱ ግን አልወለቀም። የአባያ ሐይቅ መታየት ሲጀምር ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታችኝ። ደክሟት መሰለኝ። ሐይቁን ለማየት ነበር። ቆምን።

ከቀኑ 9 ሰዓት ደረስን። እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ነበረች።

ጥር 27። ከደረሱ በኋላ የተገኘ

ዘይት 150 ሚሊ ሊትር ጎድሏል፤ ተሞላ። የሰንሰለቱ ልቀት ከ20 ወደ 27። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሚለጠጥ ይጠበቅ ነበር። ሦስተኛ ራጂ ላልቷል። ከመጫኛው ዳዶዎች አንዱ፣ በቀኝ በኩል ያለው፣ ሩብ ዙር ዞሯል፤ ያየችው እሷ ናት። ሥሩ ያለው ላስቲክ ተጨፍልቆ ሳስቷል፤ የውስጥ ጎማ ለዚህ በጣም ስስ ነው። ወፍራም የመኪና ጎማ ቁራጭ ከጎሚስታ ተገኘ፣ 30 ብር።

ለመልሱ የቀረ ሥራ፦ የፊቱ ጥርስ በአንድ ያነሰ ይሞከር፣ ከአባያ ወደ ሶዶ ያለው ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ላይበቃው ይችላልና። የመቀመጫው ደረጃ በ1 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፣ ጉልበቷን ያጥፋል። ጓንቷ ተቀዶ ነው፣ የቀኙ አውራ ጣት፤ ከመነሳታችን በፊት ይሰፋ።

የደብተሯ የመጨረሻ መስመር፦ ቆጣሪ 22,620። ነዳጅ 12.3 ሊትር። እረፍት 11። ያለፍናት የመጨረሻ ከተማ ምራብ አባያ።